ለጋሽ ምላጭ የተመታች ሚስማር

ሥራችሁን አቋርጣችሁ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ በዚህ የመጨረሻ መሸኛ ስፍራ ከቤተሰቡ ጎን የቆማችሁ ወዳጆች ሁሉ፤ ይህን ዜና ሕይወት የምታነብላችሁ የሟች የታናሽ እህታቸው ልጅ ናት። ድምፅዋ በየመሃሉ ቢንቀጠቀጥ ከሐዘን ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ ከወዲሁ ትለምናችኋለች፤ ዛሬ የምንቀብርበት ብቻ ሳይሆን የምንከፍትበትም ቀን ነውና። ምን እንደምንከፍት አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ያላወቃችሁም እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁ ትሰማላችሁ። ሟች ራሳቸው በአልጋቸው ላይ ሆነው፣ “ስታነቢ አትንቀራፈፊ፣ ሰውን ፀሐይ ላይ አታቁሚ፣ ደግሞ ያላደረግኩትን እንዳትጨምሪ” ብለው ስላዘዟት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትእዛዛት እንደምንም ለማክበር ትሞክራለች። ሦስተኛውን ለማክበር ግን ምንም አልተቸገረችም፤ ያደረጉት ራሱ ከበቂ በላይ ነው።

ሁላችንም እትዬ ሚስማር እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሴት የመዝገብ ስም አልነበራቸውም ማለት አይደለም። ነበራቸው፤ ነገር ግን የሚያውቁት ባለቤታቸውና ሐኪማቸው ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸውም በዚያ ስም በተጠሩ ቁጥር ዞር ብለው ሌላ ሰው ይፈልጉ ስለነበር፣ ዛሬ እዚህ ላይ አንሥተን ግራ አናጋባቸውም።

እትዬ ሚስማር የተወለዱት ከአባታቸው ዳቦ ቤት ጀርባ በምትገኘው ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አባታቸው ዳቦ ጋጋሪ፣ እናታቸው ደግሞ በመስኮቷ በኩል ዳቦ የሚያቀብሉና በምትኩ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የሚቀበሉ ሴት ነበሩ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ የሆኑት እትዬ ሚስማር ቁመታቸው ከረጅሙ የሊጥ ጠረጴዛ ጋር እኩል ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ፣ በተነሰነሰው ዱቄት ላይ በጣታቸው ፈረስ፣ ወፍ፣ ጎማ የሌለው መኪናና የጎረቤት አፍንጫ መሣል ጀመሩ። አባታቸው ሊጡን ሲዘረጉበት ሥዕሉ ይጠፋል፤ ልጅቱ እሪ ይላሉ፤ በማግስቱም ያው ይደገማል። “የኔ የመጀመሪያ ሥዕሎች ከዳቦ ጋር ተጋግረው ተሸጠዋል፣ የገዛቸውም ሰው በልቷቸዋል” እያሉ በኋላ ዘመን ይቀልዱ ነበር። ለቅሶው ያሰለቻቸው አባት ግን አንድ ማለዳ የጠረጴዛውን አንድ ጥግ በዱቄት መስመር ለይተው፣ “ይቺን ጥግ ማንም እንዳይነካባት” ብለው ለሠራተኞቻቸው አወጁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ጥግ የእትዬ ሚስማር ሆነች። ለአንድ ሰው ነፃ ጥግ መተው ምን ያህል ነገር እንደሆነ የተማሩት ከዚያ ጠረጴዛ ላይ መሆኑን ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩ ኖረዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈሩ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ከተከታተሉ በኋላ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በሥዕል መምህርነት ተመረቁ፤ ተመርቀውም ወደተማሩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመልሰው ጡረታ እስከወጡ ድረስ በዚያው አስተማሩ። በዚያ ዘመን የሥዕል ክፍለ ጊዜ ማለት የሒሳብ መምህሩ ትምህርቱ ያላለቀለት እንደሆነ የሚወስደው፣ የሒሳብ መምህሩ ካልፈለገው ደግሞ ልጆቹ ግቢ የሚጠርጉበት ሰዓት ማለት ነበር። እትዬ ሚስማር ሽንጣቸውን ገትረው ተከራከሩ፤ ከርእሰ መምህሩ ጋር ስንት ጊዜ ዓይንና ናጫ እንደሆኑ እዚህ የቆሙት የሥራ ባልደረቦቻቸው ያስታውሳሉ። በመጨረሻም ክፍለ ጊዜያቸውን አስመለሱ፤ አስመልሰውም አልበቃቸው ብሎ የልጆቹን ሥዕል በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር መስቀል ጀመሩ። በአንድ እጃቸው መዶሻ፣ በሌላው ሥዕል ይዘው፣ ሚስማሮቹን በከንፈራቸው መሃል ደርድረው፣ ያንኑ ጊዜ ተማሪ እየተቆጡ ሲሰቅሉ ያዩዋቸው ልጆች ናቸው ሚስማር የሚለውን ስም ያወጡላቸው። ስሙ ሲደርሳቸው ይቆጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ እሳቸው ግን ደስ ብሏቸው በመማሪያ ክፍላቸው በር ላይ ጻፉት።

ትዳር የመሠረቱት ዛሬ በመካከላችን ካሉት ከአናጺው ባለቤታቸው ጋር ነው። የተዋወቁበትም መንገድ እንዲህ ነው፤ እትዬ ሚስማር ለተማሪዎቻቸው ሥዕል ፍሬም የሚሆን የእንጨት ቁርጥራጭ ፍለጋ በየሳምንቱ ወደ አናጺው ቤት ይመላለሱ ነበር። አናጺው ዝምተኛ ስለሆኑ ለረጅም ጊዜ ሳይጠይቁ ሲሰጡ ቆዩና አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አልቆ፣ “እህቴ፣ ቤት እየሠራሽ ነው እንዴ?” አሉ። “ፍሬም ነው” ቢሏቸው ትክክለኛ ማዕዘን ምን እንደሆነ ሊያሳዩ ተነሡ፤ ማሳየቱም እስከ ዛሬ ሳያልቅ ሁለት ልጆችን አፍርቷል። ሴት ልጃቸው በሕፃናት ሐኪም ቤት ነርስ፣ ወንዱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ሁለቱም ሥራቸውን የመረጡት በገዛ ፈቃዳቸው ይሁን በእናታቸው ተንኮል እስከ አሁን አልተረጋገጠም። ምክንያቱ በኋላ ይገለጣል።

አባታቸው አርፈው የዳቦ ቤቱ ምድጃ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ወንድምና እህት ቤቱን ለዕቃ ማከማቻ ለማከራየት አስበው ነበር። እትዬ ሚስማር ግን ሁለቱንም በጠረጴዛው ጥግ ዙሪያ ሰብስበው፣ “አባባ ለእኔ የለያትን ጥግ አስፍታችሁ ስጡኝ” አሏቸው። ወንድም አንገታቸውን ደፉ፤ የአንባቢዋ እናት ደግሞ ማልቀስ ጀመሩ፤ በዚህም ነገሩ አለቀ። ቤቱ ተጠረገ፣ ግድግዳው በኖራ ተለቀለቀ፤ ከየስንጥቁ የሚወጣው ዱቄት ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። የሰፈሩ ጋለሪ ተብሎ ታፔላ ቢሰቀልበትም ማንም ሰው ከዳቦ ቤትነቱ በቀር ሌላ ስም ሊሰጠው አልፈቀደም። ከዓመታት በኋላ እንኳ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ዳቦ የሚጠይቅ አይጠፋም ነበር፤ እሳቸውም “ዳቦ የለም፣ ግቡና ሥዕል እዩ” ይሉ ነበር። ከገቡት መካከል ስንቱ በዚያው ሠዓሊ ሆኖ እንደቀረ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ እዚሁ ቆማችኋል።

እዚህ ላይ ስለ ጋሽ ምላጭ መናገር ግድ ይላል። ጋሽ ምላጭ ከጋለሪው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የፀጉር ማስተካከያ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከእጃቸው ሳይሆን ከምላሳቸው የተነሣ እንደሆነ ራሳቸውም አይክዱም። በእሳቸው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ፀጉሩ ተስተካክሎ ብቻ አይነሣም፤ ስለ ሁሉም ነገር ሐሳብ ተሰጥቶት ነው የሚነሣው፤ ስለዚህም እሳቸው ጠዋት ያሉትን ሰፈሩ ማታ ይደግመዋል።

የመጀመሪያው ዓውደ ርእይ በተከፈተ ዕለት እትዬ ሚስማር እግራቸው መሬት አልረግጥ ብሎ፣ ከመሃል ከተማ የመጡትን ሠዓሊዎች ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱን ለሠዓሊዎቹ ሲያስተዋውቁ፣ ጋሽ ምላጭ ማበጠሪያቸውን ከደረት ኪሳቸው ሳያወጡ ገቡ። በትልቁ ሥዕል ፊት ቆሙ፤ ሥዕሉ ሰማያዊ ሆኖ ሁለት መስመሮች ብቻ ነበሩበት። ጋሽ ምላጭ ቀኝና ግራ አይተው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ “ይሄንንማ እኔም እሠራዋለሁ!” አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የሳቀው ሰውም ሳቁን ይዞ ወጣ፤ ሁለተኛም ያልተመለሰ ብዙ ነበር። በማግስቱ ሰፈሩ በሙሉ ያቺን ንግግር እየተቀባበለ ይስቅ ነበር። ባለቤታቸው ሲመጡ እትዬ ሚስማር በቀዘቀዘው ምድጃ አፍ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን በሽርጣቸው ሸፍነው ሲያለቅሱ አገኟቸው። ሰፈሩ ቤቱን የእኔ ካላለው ለማን እንደከፈቱት አያውቁም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግን ወገባቸውን ታጥቀው ተነሡ። ከበሩ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ላይ፣ አንዲት ሚስማር መቱ፤ ምንም አልሰቀሉባትም። መዶሻውን እንደያዙ መንገዱን ተሻገሩና፣ ጋሽ ምላጭ የአንዱን ደንበኛ አገጭ በሳሙና አረፋ ሸፍነው ምላጩን ሲስሉ ደረሱ። “ጋሽዬ፣ ሚስማሩ ተመትቷል፤ የእርስዎን እየጠበቅን ነው” አሏቸው። ደንበኛው ከአረፋው ውስጥ ሳቀ። ጋሽ ምላጭም ምላጩን መሳላቸውን ሳያቆሙ፣ “ጊዜ የለኝም እንጂ!” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበሩ አጠገብ ያለችው ሚስማር የቤቱ ሥርዓት ሆነች፤ የማንም ዓውደ ርእይ ቢሆን እሷ ባዶ ሆና ይከፈታል፤ በእሷም ላይ ማንም የሰፈር ሰው ሳያስፈቅድ ያለውን ይሰቅላል፤ ትርኢቱ ሲዘጋም የሰቀለውን ይዞ ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የቆረጡትን የልጅ ቀሚስ ንድፍ ሰቀሉ። ትራፊክ ፖሊሱ ድምፅ አልወጣ ያለውን ፊሽካ ሰቀለ። አንዲት ልጅ ክፍሏ በሙሉ የፈረመበትን የተሰበረ እጇን ጄሶ ሰቅላ፣ በየቀኑ እየመጣች ከፊቱ ትቆም ነበር። ሰው እየገባ፣ እየለመደ፣ እየተከራከረ መጣ። ጋሽ ምላጭ ብቻ አልሰቀሉም። በየመክፈቻው ግን ከማንም ቀድመው ይመጣሉ፤ ከአንዱ ሥዕል ፊት ቆመው ያችኑ ቃላቸውን ይላሉ፤ እትዬ ሚስማር በአመልካች ጣታቸው ወደ ባዶዋ ሚስማር ያሳያሉ። ይህ እንዲሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተደገመ። እትዬ ሚስማር በሕይወታቸው የተመኙት ብዙ ነገር ተሳክቶላቸዋል፤ ከምር ሲፈልጉት የኖሩት ነገር ግን አንድ ነበር፤ እሱም የጋሽ ምላጭ እጅ በዚያች ሚስማር ላይ አንድ ነገር ሰቅሎ ማየት ነው።

በእነዚያ ዓመታት ያ ቤት ያላስተናገደው ነገር አለ ብሎ መናገር ይከብዳል። የዘይት ቀለም ሥዕል፣ ፎቶግራፍ፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ ሽመና፣ የብየዳ ሠራተኞች ከትርፍራፊ ብረት የሠሯቸው እንስሳት፣ የሚከፍቱት በር የጠፋባቸው ቁልፎች፣ ሠዓሊዎች አፍረው የደበቋቸው ያልተሳኩ ሥዕሎች፣ ሁሉም በተራቸው ቀርበዋል። ትልቁ ምድጃ የልጆች ክፍል ሆነ፤ ቁመቱ ለአዋቂ ስለማይበቃ ልጆቹ ሥዕሎቻቸውን በውስጡ ሰቅለው፣ ወላጆች ጎንበስ ብለው በአፉ በኩል እንዲያዩ ይፈርዱባቸው ነበር። አንድ ጊዜ እትዬ ሚስማር ለቁጠባ ብለው ማጣበቂያውን ከዱቄት ስላበጁት፣ አሮጌው የዳቦ ቤት አይጦች በመክፈቻው ዋዜማ ገብተው ከልጆቹ ሥዕሎች በግማሹ ላይ ጥርሳቸውን አሳረፉ። ልጆቹ ሲያለቅሱ እሳቸው ጥቂት አሰቡና የተበሉትን ለብቻ ሰቅለው፣ “አይጦች የመረጧቸው” ብለው ጻፉበት። በማግስቱ ሥዕሉ ያልተበላበት ልጅ ሁሉ ያለቅስ ጀመር።

የዓይነ ስውራን ማኅበር አባላት በጭቃ የሠሯቸው ቅርጾች የቀረቡበትን ዓውደ ርእይ የረሳ የለም። መስኮቶቹ ተሸፍነው ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ፤ ጎብኚውን እጁን ይዘው የሚመሩትም ሠሪዎቹ ነበሩ። ጋሽ ምላጭ ማንም አይመራኝም ብለው ብቻቸውን ገብተው መውጫው ጠፋባቸው፤ በመጨረሻም የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሆኑት ሴት እጃቸውን ይዘው አወጧቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ፣ “ይሄንንማ...” ብለው ጀምረው ሳይጨርሱ ሄዱ። እትዬ ሚስማር ይህን ሲሰሙ ልባቸው በተስፋ ዘለለ፤ ለሳምንት ያህልም መስኮቱ ላይ ተተክለው ፀጉር ቤቱን ሲያዩ ሰነበቱ። ግን ማንም አልመጣም።

ወደ ጋለሪው ያልመጣውን ሰው ደግሞ ጋለሪው ራሱ ሄዶ ያገኘው ነበር፤ የልጆቻቸው ሥራ ምርጫ አጠራጣሪ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። በሴት ልጃቸው ሐኪም ቤት የተኙ ሕፃናት ጀርባቸው ላይ ተንጋልለው ጣሪያ ብቻ እንደሚያዩ ሲነገራቸው፣ እትዬ ሚስማር ሥዕሎቹን ጣሪያው ላይ ሰቀሉላቸው። በወንድ ልጃቸው አውቶቡስ ውስጥ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ቦታ ሁሉ የሰፈሩን ሠዓሊዎች ሥራ ደረደሩ፤ ተሳፋሪው ፌርማታውን እየሳተ አስቸገረ፤ አንዲት እናትም፣ “ሥዕሉን ሳልጨርስ ፌርማታዬ ደረሰብኝ፣ ቀስ ብለህ ንዳ እንጂ” ብለው ሹፌሩን ተቆጡት። ወደ አረጋውያን መኖሪያ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሄደው ልጆቹ አረጋውያኑን፣ አረጋውያኑም ልጆቹን እንዲሥሉ አደረጉ፤ የአረጋውያኑ ሥራ ተሰቅሎ ሲያዩት ምን ያህል እንደተኩራሩ በቦታው የነበረ ያውቃል። በየዓውደ ርእዩ ማግስት እትዬ ሚስማር ዓይናቸው እየበራ፣ ቁርሳቸውን ሳይጨርሱ፣ “ቀጥሎስ ምን እንስቀል?” ይሉ ነበር። የቤተሰቡ ሰው ይህን ጥያቄ ከሰላምታ በላይ ለምዶታል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሕመም ገጠማቸው። ሕክምናው ብርቱ ስለነበረ ፀጉራቸው መርገፍ ጀመረ፤ ዕድሜ ልካቸውን ጠቅልለው እርሳስ የሚሰኩበት ያ ፀጉር በእጃቸው ላይ ሲቀር፣ ቤተሰቡ ሻሽ ሊገዛላቸው ተነሣ። እሳቸው ግን፣ “እሱ እየረገፈ ከሚያሾፍብኝ እኔው ልቅደመው” ብለው ተነሡና መንገዱን ተሻግረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጋሽ ምላጭ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ምላጭ ፎጣውን አለበሷቸውና መላጨት ጀመሩ። እትዬ ሚስማር በመስታወቱ ውስጥ ፊት ለፊት እያዩ ሳለ፣ ከኋላቸው ያለው መጋረጃ በንፋስ ተነሥቶ የጓዳው ግድግዳ ታያቸው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኖ ነበር። የተሣሉትም በሙሉ ማጅራቶች ነበሩ።

ወፍራም ማጅራት፣ ቀጭን ማጅራት፣ እጥፋት ያለው፣ ጠባሳ ያለበት፣ ጆሮው ወጣ ወጣ ያለ፣ የሸሚዝ ኮሌታ የፋቀው፤ አንድም ፊት አልነበረም። እትዬ ሚስማር ፎጣው አንገታቸው ላይ እንዳለ፣ ራሳቸው ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ሳይላጭ፣ ከወንበሩ ዘልለው ተነሡና መጋረጃውን ገለጡት። “ይሄ ትራፊኩ ነው! ይሄ የሒሳብ መምህሩ! ውይ፣ ይሄ ደግሞ ባሌ ነው፣ የመጋዝ ዱቄቱ ሳይቀር!” አሉ። ጋሽ ምላጭ ባለቤታቸው መሆናቸውን በምን እንዳወቁ ቢጠይቋቸው፣ “ዕድሜ ልኬን ከኋላው እየሄድኩ ፍሬም ያሸከምኩትን ሰው ማጅራት ይጠፋኛል?” አሉ። ከዚያም ጋሽ ምላጭ ምላጫቸውን አስቀምጠው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የያዙትን ተናገሩ። “እሠራዋለሁ ብዬ ከሄድኩ በኋላ ቀለም ገዛሁ፤ አቃተኝ። ፊት ስሥል ያፈጥብኛል፣ አፍራለሁ። ማጅራት ግን አያየኝም፤ ቀኑን ሙሉም እሱን ነው የማየው። ደግሞ ያን ሁሉ አውርቼ አፌን በምን ልሰብስበው?” አሉ። እትዬ ሚስማር በግማሽ ራሳቸው ፀጉር፣ በፎጣቸው፣ መኪና ሲጮህባቸው እሳቸው እየጮኹበት መንገዱን ተሻግረው፣ “ተገኘ! ተገኘ!” እያሉ ባለቤታቸውን ሊጠሩ ሮጡ። ያ ሁሉ ሕመም የት እንደሄደ ማንም አላወቀም።

ግማሹን ፀጉር ለመጨረስ ሲመለሱ ሌላ ነገር ተከሰተ። ጋሽ ምላጭ ማጅራታቸውን በብሩሻቸው ጠረግ ጠረግ ሲያደርጉ አንዲት ነጭ ነጥብ አልለቅ አለቻቸው፤ ፓውደር መስሏቸው ደጋግመው ጠረጉ፤ ለካ ከተፈጥሯቸው ያለች፣ በጣት የተነካ ዱቄት የምትመስል ምልክት ናት። እትዬ ሚስማር በሰባ አንድ ዓመታቸው የገዛ ማጅራታቸውን ወሬ ሰሙ። ባለቤታቸውን ሲጠይቋቸው፣ “አዎ፣ አለች፤ አልነገርኩሽም እንዴ?” ብቻ አሉ፤ እትዬ ሚስማርም ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ደበቅከኝ ብለው እየሳቁ ተቆጧቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለቤተሰቡ የሐዘን ሳይሆን የግርግር ጊዜ ነበር። ዓውደ ርእዩ “ማጅራቶቻችን” ተባለ፤ ቀን ተቆረጠለት፤ ባለቤታቸው ለእያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ሠሩ። ለራሳቸው ሥዕል ፍሬም ሲለኩ ግን፣ “ይሄማ እኔ አይደለሁም፤ እኔ እንዲህ አልሸበሸብኩም” ብለው ድርቅ አሉ፤ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ አንተ ነህ ቢላቸው አሻፈረኝ አሉ። እትዬ ሚስማርም ከአልጋቸው ላይ ሆነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ የገዛ ማጅራቱን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ፣ የሚያውቅልን ከኋላችን የሚሄደው ብቻ እንደሆነ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ምላጭ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አቀረቡ፤ የእትዬ ሚስማር ማጅራት ካልተጨመረበት አልከፍትም አሉ። ሣሉ፤ ቀደዱ፤ ደግመው ሣሉ፤ ደግመው ቀደዱ፤ ያቺ ነጭ ነጥብ አልዋጥላቸው አለች። እትዬ ሚስማር በየቀኑ ሰው እየላኩ፣ “ጋሽዬ፣ ሚስማሩ እየጠበቀ ነው፤ እኔ ግን ብዙ አልጠብቅም” ያስብሏቸው ነበር። ለቤተሰባቸውም ግልጽ ትእዛዝ ሰጡ፤ “ብሞትም ቀኑ እንዳይዛወር። ሁለቱ ቀን የተገናኘ እንደሆነ ቀብሬን አድርሳችሁ ሂዱና ክፈቱ።”

ተገናኘ። እትዬ ሚስማር በባለቤታቸው፣ በልጆቻቸውና በእህታቸው መካከል፣ መስኮቱ ወደ ጋለሪው በኩል ተከፍቶላቸው፣ በሰላም አረፉ። የመጨረሻ ቃላቸው ምን እንደነበር ሰው ይጠይቃል። “ጨረሰ?” ነው ያሉት።

ጨርሰዋል፤ ትናንት ጨርሰዋል። ዛሬ ጠዋት ከቀብሩ በፊት ጋሽ ምላጭ ሥዕሉን ራሳቸው ተሸክመው መንገዱን ተሻገሩ፤ ራሳቸውም፣ በገዛ እጃቸው፣ ከበሩ አጠገብ ባለችው ባዶ ሚስማር ላይ ሰቀሉት። የተላጨ ራስ፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ ከመሃሉም አንዲት የዱቄት ነጥብ። ጋሽ ምላጭ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አዩትና እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ፤ እኛም ሁላችን አለቀስን፤ ከዚያ ደግሞ አንዱ “ይሄንንማ...” ብሎ ሲጀምር ሁላችንም ሳቅን። አንባቢዋ ይህን ጽሑፍ ለማስተካከል ወደ ውጭ እንደወጣች ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ሰማች፤ ለአፍታም እሳቸው ናቸው ብላ ሮጣ ተመለሰች። ባለቤታቸው ነበሩ። ባዶ ሚስማር ሳይኖር ዓውደ ርእይ አይከፈትም ብለው፣ ከባለቤታቸው ሥዕል ጎን አዲስ ሚስማር እየመቱ ነበር፤ ሌሎቹን ሚስማሮች በከንፈራቸው ይዘው።

እትዬ ሚስማር በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ሲለዩ፣ የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውን፣ እህታቸውን፣ ይህን የምታነበውን የእህታቸውን ልጅ፣ ኮሪደሩን የሞሉላቸውን ተማሪዎቻቸውን ሁሉ፣ አንድ ሠዓሊ የሆነ ፀጉር አስተካካይ፣ እንዲሁም አንዲት ባዶ ሚስማር ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም በማይነካባቸው ጥግ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።

ጋለሪው አሁን ከዚህ እንደተመለስን ይከፈታል። ልብሳችሁን ሳትለውጡ፣ እንባችሁንም ሳትጠርጉ ኑ፤ ነገር ግን ማንም ብቻውን እንዳይመጣ፣ የትኛው ማጅራት የእሱ እንደሆነ የሚነግረው ጎረቤት ይዞ ይምጣ።